ለአምስት ሰው የሚበቃ ሰርቨር

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ማርች 9 ቀን 2009

ንጋቱ፣

ሦስቱም ደብዳቤዎችህ ደርሰውኛል። እስካሁን ያልመለስኩልህ ጊዜ አጥቼ አይደለም። «እንደምን አለህ» ብዬ ልጀምር ስል እጄ እምቢ እያለኝ ነው። ዛሬም እምቢ ብሎኛል፤ ስለዚህ ሰላምታውን ትቼዋለሁ።

ስለ ፋና ጠይቀሃል። በሕይወት አለች። ይህንን ጠበቃህም ነግሮሃል፤ ከዚህ በላይ ከእኔ አትሰማም። ስለ ኤፍራታም ጠይቀሃል። ልጅህ ስድስት ዓመት ሞላት። «ሚስቴን የደበቅሽብኝ አንቺ ነሽ» ላልከው፣ አዎ፣ እኔ ነኝ። ሁለት ጥርሷን አውልቀህባት በፒጃማ ቢሯችን ድረስ የመጣች ቀን እኔ ነኝ የደበቅኳት። ይህ ድርጅት የተቋቋመው ከሚደበድቧቸው ባሎች ለሸሹ ሴቶች ነው። ባልዬው ወንድሜ ሲሆን በሩን ልዘጋባት አልችልም ነበር።

አሁን የምጽፍልህ ለሌላ ጉዳይ ነው። በ2005 ሠርተህ ያቆምክልን ሰርቨር ሞተ። ማብሪያውን ብንጫነው ድምፅ እንኳ የለውም። ቦርዱ ሌላ እንድገዛ ሁለት ሺህ አራት መቶ ዶላር ፈቅዶልኛል። ከፎልስ ቸርች የመጣ አንድ ሻጭ እንደ ፍሪጅ የሚቆም ነገር በሥዕል አሳይቶኝ ዋጋው የዚህ ሦስት እጥፍ ሆነ። ሌላው «መግዛት አያስፈልግም፣ ተከራዩ» አለ። የቦርዳችን ሰብሳቢ ወይዘሮ ሸዋዓለም ደግሞ አንድ ርካሽ ላፕቶፕ ገዝተን እንገላገል ትላለች። እኔ የማንኛቸው ቃል እውነት እንደሆነ አላውቅም። ያለኝ የኮምፒውተር ሰው አንተ ብቻ ነህ። አንተን መጠየቄ ያሳፍረኛል፤ ግን እዚያ ውስጥ የአርባ ሦስት ሴቶች አድራሻ አለ፤ ተሳስቼ ብገዛ የምጎዳው እኔ አይደለሁም።

ይህንንም እወቅ። ፋናን ሱፐርማርኬት ውስጥ ድንገት አየኋት፣ ተከትያት ሄድኩ ብለህ ለፖሊስ መናገርህን ቦርዱ አላመነም። አድራሻዋ ከእኛ ቤት ወጥቷል አሉ። መጀመሪያ ያዩት እኔን ነው፤ እህትህ ነኝና። በኋላ ግን ጋሽ ልሳነወርቅን አሰናበቷቸው። ፋይሎቹን የሚተይቡት እሳቸው ስለነበሩ። ስልሳ አራት ዓመታቸው ነው። ዕቃቸውን በካርቶን ይዘው ሲወጡ አንዳችንም ደረጃ ድረስ አልሸኘናቸውም።

ጸዳለ

አሌክሳንድሪያ፣ ማርች 16 ቀን 2009

እትዬ ጸዳለ፣

ደብዳቤሽን ሲሰጡኝ የጽሕፈትሽን መልክ አይቼ ሳልከፍተው ብዙ ቆየሁ። ስድብ ይኖረዋል ብዬ ነበር። ሰርቨር ምረጥልኝ ትያለሽ! አርሊንግተን ያለው መሥሪያ ቤቴ ካባረረኝ ወዲህ ማንም ሰው ሥራ ጠይቆኝ አያውቅም። እግዚአብሔር ይስጥሽ።

እዚህ እስር ቤት ምግቡ ይበላል። የተመታው ጀርባዬም ደህና ነው። ብቸኝነቱ ነው። አንድ አበሻ ነበረ፣ እስክንድር የሚባል፣ ሚስቱን ገፈተርክ ብለው ያመጡት፤ ከእሱ ጋር አማርኛ እያወራን ቀኑ ይመሽ ነበር። ባለፈው ሳምንት በዋስ ወጣ።

ወደ ጉዳያችን። የፎልስ ቸርቹን ሰውዬ አባሪው። እሱ ያሳየሽ ማሽን ሁለት መቶ ሠራተኛ ላለው መሥሪያ ቤት ነው፤ እናንተ አምስት ናችሁ። የወይዘሮ ሸዋዓለም ላፕቶፕም አይሆንም፤ አንድ ሰው ብብቱ ሥር ሸጉጦት ይወጣል። ጠረጴዛ ሥር የሚቆም ያገለገለ ታወር ይበቃችኋል። ሣጥኑ ያገለገለ ይሁን እንጂ ሃርድ ዲስኮቹ አዲስ ይሁኑ። ሁለት ሆነው አንዱ የጻፈውን ሌላውም እንዲጽፍ አድርገው ይግጠሙልሽ፤ አንዱ ቢቃጠል በሌላው ትሠራላችሁ። ለሲስተሙ ላይሰንስ ብለሽ ገንዘብ እንዳትከፍዪ፤ ነፃው ለእናንተ ከበቂ በላይ ነው። መብራት ሲጠፋ የሚይዘውን ባትሪ ግን ሳትገዢ እንዳትቀሪ፤ ያለፈውን የገደለው እሱ ሳይሆን አይቀርም። ይሄ ሁሉ ተደምሮ ከተፈቀደልሽ በታች ይሆናል። በቀረው ባክአፕ ማድረጊያ ዲስክ ግዢ።

አንድ ነገር አደራ እልሻለሁ። የድሮውን ሣጥን አታስጠግኚው። ፋይሎቹ በሙሉ አንቺ ቤት ባለው ባክአፕ ላይ አሉ፤ የሚጠፋ ነገር የለም። ጎኑን ፍቺው፣ መሐሉ ላይ እንደ መጽሐፍ የሆነ ብረት አለ፣ እሱን አውጪና በመዶሻ ሰባብሪው። ድቅቅ እስኪል። ለቴክኒሻን እንዳታሳዪ፣ ለቦርድም እንዳትሰጪ። የሴቶቹ ምስጢር ነውና።

ጋሽ ልሳነወርቅ ያሳዝናሉ። ግን አፋቸው አያርፍም ነበር፤ አንቺም ታውቂያለሽ።

ኤፍራታን ሳሚልኝ ማለት አልችልም መሰለኝ።

ወንድምሽ ንጋቱ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ኤፕሪል 3 ቀን 2009

ንጋቱ፣

በግራ እጄ ስለምጽፍ ፊደሉ ቢንጋደድ ታገሠኝ። ቀኙ ከአንጓው በላይ ሁለት ቦታ ተሰብሮ በጄሶ ታስሯል።

ረቡዕ ዕለት ከምሳ በፊት ያንተ ጓደኛ እስክንድር ቢሯችን መጣ። ማን እንደሆነ አላወቅኩም። ታች ላለው የልብስ ሰፊ ሱቅ ኮት ያመጣ ደንበኛ መስሎኝ «አንድ ፎቅ ተሳስተዋል» አልኩት። እጁን ከኮቱ ውስጥ ሲያወጣ የጎማ መፍቻ ብረት ይዟል። በሩን በእግሩ ዘጋው።

«ሚስቴ የት ናት?» አለኝ።

«እዚህ የማንም ሚስት የለችም» አልኩት። ስልኩን ሳነሣ ብረቱን እጄ ላይ አሳረፈው። ሲሰበር ሰማሁት። ሕመሙ የመጣው ከድምፁ በኋላ ነው።

ዮዲ የምትባለዋን ታስታውሳታለህ፣ እዚሁ የተወለደችው፣ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። መታጠቢያ ቤት ገብታ ቆልፋ 911 ኮል አደረገች። «ፕሊስ ኸሪ፣ ሂ ኢዝ ኪሊንግ ኸር» እያለች ስትጮህ እየሰማ እንኳ አልሸሸም። ፀጉሬን ይዞ ወደ ጠረጴዛው ጎተተኝና የሞተውን ሰርቨር በብረቱ ነካ ነካ አደረገው።

«ወንድምሽ የሚስቱን አድራሻ ያወጣው ከዚህ ነው። ራሱ ነግሮኛል። የእኔንም አውጪ።»

«ማሽኑ ሞቷል» አልኩት።

«አንቺም ትሞቻለሽ» አለኝ።

ግንባሬን ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር አጋጨው። ደሙ ዓይኔ ውስጥ ገብቶ ማየት ስላቃተኝ ቀጥሎ እኔን ይመታኛል ብዬ ጭንቅላቴን በአንድ እጄ ከለልኩ። እሱ ግን ሣጥኑን ነበር የሚቀጠቅጠው። እየተሳደበ፣ እያለቀሰ። ፖሊሶቹ ደረጃው ላይ ሲጥሉት ከሣጥኑ የቀረው ቆርቆሮ ብቻ ነው።

ዲስኩ ግን እዚያ ውስጥ አልነበረም። ሰኞ ዕለት እንደነገርከኝ ፈትቼ አውጥቼዋለሁ። ቢሮ ውስጥ መዶሻ ስለሌለን ቤት ወስጄ ልሰብረው ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼው ነበር። እስካሁንም እዚያው አለ።

ሆስፒታል ተኝቼ የሰውዬውን ቃል ደጋግሜ አሰብኩት። ስለዚህ ሁለት ነገር እጠይቅሃለሁ። እስክንድር ያለው እውነት ነው? አዎ በለኝ ወይም አይደለም በለኝ፤ ሌላ ወሬ አትጨምርበት። ሁለተኛው፣ አንድ ሰው ቢሮዬ ገብቶ ጭንቅላቴን ቢፈነክተውም የሴቶቹን አድራሻ እንዳያገኝ የት ነው ማስቀመጥ ያለብኝ? ጠረጴዛ ሥር ያልከኝ ታወር ከዚያ ብረት አያድናቸውም።

ጸዳለ

አሌክሳንድሪያ፣ ኤፕሪል 11 ቀን 2009

እትዬ፣

አዎ።

እጅሽን የሰበረው እስክንድር እግሩ ይሰበር። እንዲህ ያደርጋል ብዬ አልነገርኩትም። ሁሉም እዚህ ስለ ጀብዱው ሲያወራ እኔም አወራሁ።

በስልክ ያልነገርኩሽ ስልኩ ስለሚቀረጽ ነው። ደብዳቤውን ይከፍቱታል፤ ግን አማርኛ የሚያነብ እዚህ የለም፣ ገልብጠው አይተው ይሰጡናል። ስለዚህ ለአንቺ ለእህቴ ሁሉንም ልንገርሽ። አንብበሽ አቃጥዪው።

ሰርቨሩን ስሠራላችሁ ሲበላሽ ከቤቴ ሆኜ እንዳስተካክለው ለራሴ መግቢያ አስቀምጬ ነበር። ለክፋት አልነበረም፤ ያኔ ፋናም አልሸሸችም። ሥራውን ሳቆም ማንም የእኔን መግቢያ አልዘጋውም። ፋና ከጠፋች ከአራት ወር በኋላ አንድ ቅዳሜ ገብቼ ስሟን ጻፍኩ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። የመንገዱ ስም፣ የአፓርትመንቱ ቁጥር፣ ኤፍራታ የትምህርት ቤት ባስ የምትሳፈርበት ሰዓት ሁሉ ተጽፏል። ከእኔ መሥሪያ ቤት ዐሥር ደቂቃ ነበር እኮ! አጠገቤ አስቀምጠሽ ትስቂብኝ ነበር ብዬ ነደድኩ።

ሱፐርማርኬት የሚባል ነገር የለም። ሦስት ጠዋት ፓርኪንጉ ውስጥ መኪና ውስጥ ተቀምጬ ጠበቅኳት። በአራተኛው ቀን ትምህርት አልነበረም፤ ልጅቷ ቤት መሆኗን አላወቅኩም። ቢላውን ከእሷ ማድ ቤት አነሣሁት ብዬ ለፖሊስ የተናገርኩት ውሸት ነው። ከቤቴ ይዤው ነው የሄድኩት፤ ፎጣ ጠቅልዬበት። በሩን ስትከፍት አላወራኋትም። መጀመሪያ አንገቷ ላይ ነው። ከዚያ ስለቱን በእጇ ያዘችው፣ እኔም ጎተትኩት። ኤፍራታ ከኋላዬ «ዳዲ፣ ስቶፕ» ስትል ሰምቻለሁ። አላቆምኩም። ያቆምኩት የጎረቤቱ ሰውዬ ወንበር ጀርባዬ ላይ ሲሰብርብኝ ነው።

ጠበቃዬ ድንገት ተገናኝተው በንዴት የሆነ ነው ካልን ከአራት ወይም ከአምስት ዓመት አይበልጥም ብሎኛል። አስቦበት ሄደ ከተባለ ግን እዚህ ማርጀቴ ነው። ያንን የሚያሳይ ማስረጃ በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው፤ ቦርሳሽ ውስጥ ያለው። የገባሁበት ቀንና ሰዓት እዚያ ላይ ተመዝግቧል፤ ባክአፑ ላይ የለም። እትዬ፣ በእናታችን አጥንት ይዤሻለሁ፣ ስበሪው።

ሁለተኛውን ጥያቄሽን አልረሳሁም። ስለ ታወሩ የነገርኩሽን እርሺው። ቢሮ ውስጥ ምንም እንዳታስቀምጪ። በርና ጠባቂ ካለው ድርጅት ሰርቨር ላይ ቦታ ተከራዪ፤ በወር ከስልሳ ዶላር አይበልጥም፤ ለሦስት ዓመት ያለሽ ገንዘብ ይበቃል። ፋይሎቹ ተቆልፈው ይቀመጡ፤ አከራዩም ሊያነባቸው አይችልም። እያንዳንዷ ሠራተኛ የራሷን ደንበኞች ብቻ ትይ። ማን መቼ ምን እንደከፈተ ይመዝገብ፤ መዝገቡንም የምታየው ሌላ ሰው ትሁን። ሰው ሥራ የለቀቀ ዕለት መግቢያው የዚያኑ ቀን ይዘጋ። በነፃ ይሠራልናል ብለሽ ደግሞ ዘመድ አታስገቢ። ይህን ከእኔ የተሻለ የሚነግርሽ የለም።

ንጋቱ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ኤፕሪል 29 ቀን 2009

ንጋቱ፣

ደብዳቤህን አላቃጠልኩትም። ምን እንዳደረግኩ ከሌላ ሰው ከምትሰማ እኔው ልንገርህ።

መጀመሪያ የሄድኩት ታኮማ ፓርክ፣ ጋሽ ልሳነወርቅ ቤት ነው። በሩን በሰንሰለቱ ልክ ከፍተው ቆመው ሰሙኝ። ጄሶዬን እንኳ አላዩትም። «አድራሻውን ያወጣው ንጋቱ ነው፤ እርስዎ ንጹሕ ነዎት፤ ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው።

«ስሜን ያጠፋችሁት በስብሰባ ነው» አሉኝ። «በስብሰባ መልሱልኝ።» ከዚያ በሩን ዘጉት።

ወይዘሮ ሸዋዓለም በሳምንቱ ቦርዱን ሰበሰበች። ደብዳቤህን ቆሜ አነበብኩላቸው፤ ስለ ልጅህ የጻፍከው ጋ ስደርስ ወረቀቱን ሰጠኋትና የቀረውን እሷ ጨረሰችው። ጋሽ ልሳነወርቅ ተጠርተው ይቅርታ ተጠየቁ። ይቅርታውን በጽሑፍ ተቀበሉ፤ ወደ ሥራው ግን አልመለስም አሉ።

ቀጥሎ ፋና ጋ ሄድኩ። ስድስት ወር ሙሉ ሊያነጋግራት ከሚመጣ ሰው ሁሉ ፊቷን የምታዞረው ከእኔ ብቻ ነበር። ለምን እንደሆነ ያወቅኩት ያን ቀን ነው። «አንቺ የነገርሽው መስሎኝ ነበር» አለች። ደብዳቤህን አንብባ ስትጨርስ አጣጥፋ መለሰችልኝ። እኔም ሞኝ፣ አሁን ሸክሙ ወረደልኝ ብዬ ነበር።

«ግን እሱን እዚያ ቢሮ ያስገባው ማነው?» አለችኝ። «እየደበደበኝ እንደሆነ እያወቅሽ፣ ሰርቨሩን በነፃ ይሥራልን ብለሽ ቁልፉን የሰጠሽው አንቺ አይደለሽም?»

እንደምትደበደብ ያኔ አውቅ ነበር። በ2005 ዐይኗ አብጦ አይቼ ደረጃ ላይ ወደቅኩ ስትለኝ እንዳመንኩ የሆንኩት እኔ ነኝ። በደህናው እጇ በጥፊ መታችኝ። ደገመችኝ። ቀኝ እጇ ከእንግዲህ አይጨበጥም፤ ጅማቶቹን አንተ በጥሰሃቸዋል። እጄን አላነሣሁም። ሲደክማት ቁጭ አለች፣ እኔም አጠገቧ ቁጭ አልኩ።

በማግስቱ ዲስኩንና ደብዳቤህን አሌክሳንድሪያ ወስጄ ለዐቃቤ ሕጉ ሰጠሁ። አስተርጓሚ ቀጥረዋል። ፍርድ ቤት ቀርቤም እመሰክራለሁ። በእናታችን አጥንት አስምለኸኛል፤ እናታችን ብትኖር ምን ትል እንደነበር አላውቅም፤ አንተም አታውቅም።

ሰርቨሩን አንተ ባልከው መንገድ ተከራይተናል። ሥራውን የሠራችው የማናችንም ዘመድ አይደለችም፤ ማናችንም የማናውቃት፣ ከፍለን የቀጠርናት ባለሙያ ናት። ምክርህ በሙሉ ትክክል ነው አለች። ማን እንደመከረኝ አልነገርኳትም።

ጸዳለ

አሌክሳንድሪያ፣ ሜይ 8 ቀን 2009

ጸዳለ፣

ዛሬ ጠበቃዬ የራሴን ደብዳቤ በእንግሊዝኛ አነበበልኝ። እያንዳንዷን ቃል። ዳዲ ስቶፕ የምትለዋን ሳይቀር።

እህት የለኝም። ያሳደግሽኝ ለዚህ ነው? ለባዕድ ሴት ብለሽ የእናትሽን ልጅ በገዛ እጅሽ ቀበርሽ። እስክንድር እጅሽን ብቻ ሰብሮ መተዉ ነው የሚቆጨኝ። አንገትሽን መስበር ነበረበት። ይህንንም ወስደሽ ስጫቸው፣ ያስተርጉሙት!

ከእንግዲህ አትጻፊልኝ።

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ኦክቶበር 21 ቀን 2012

ንጋቱ፣

አትጻፊልኝ ስላልከኝ ከሦስት ዓመት በላይ አልጻፍኩም። የፍርዱ ቀን ሃያ ሁለት ዓመት ሲሉህ ዞረህ እንዳየኸኝ አይቻለሁ፤ ምን ልትለኝ እንደፈለግህ አልገባኝም ነበር። አሁን ከደቡብ ቨርጂኒያ፣ ከዚያ ሩቅ እስር ቤት የላክኸው ደርሶኛል። ይቅርታህን አንብቤዋለሁ። ስለ አንገቴ የጻፍከውን እንድረሳው ትጠይቀኛለህ። አልረሳሁትም፤ ግን ይኸው ጽፌልሃለሁ።

እጄ ድኗል፤ ሲበርድ ብቻ ያመኛል። እስክንድር ዘጠኝ ዓመት ተፈረደበት። ሚስቱ የት እንዳለች አሁንም አያውቅም። ጋሽ ልሳነወርቅ ባለፈው ጾም ዐረፉ። ቀብራቸው ላይ ልጆቻቸው አጠገብ እንድቆም ፈቀዱልኝ። ዮዲ ማስተርሷን ጨርሳ ዛሬ የደንበኞች ክፍል ኃላፊ ናት። የቢሮው በር አሁን በካሜራ እየታየ ነው የሚከፈተው። አሁንም አምስት ነን።

ለኤፍራታ የልደት ካርድ ልልክላት አድራሻዋን ስጪኝ ብለሃል። ካልሆነም ካርዱን አንቺ ላኪው ብለሃል። የታሸገውን ፖስታ ሳልከፍተው አስቀምጬልሃለሁ፤ የምልክበት አድራሻ የለኝም።

አልሰጥህም ማለቴ እንዳይመስልህ። የለኝም ነው የምልህ። ሰርቨሩን በተከራየን ሳምንት ቦርዱ አንድ ደንብ አወጣ፤ ዳይሬክተርም ትሁን ማንም፣ የዘመዷን ፋይል መክፈት አትችልም። ደንቡን ያረቀቅኩት እኔ ነኝ። ባለሙያዋም ደንቡን ሰርቨሩ ውስጥ አሰረችው፤ የፋናን ስም ብጽፍ ማሽኑ እንደዚህ የሚባል ሰው የለም ይለኛል። ፋና ፍርዱ ካለቀ በኋላ ወደ ሌላ ስቴት ተዛወረች። ስትሄድ የት እንደሆነ እንዲነገረኝ አልፈለገችም። የዮዲን እጅ ይዛ «ለጸዳለም ቢሆን» አለቻት። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ሰምቻለሁ።

ኤፍራታን መጨረሻ ያየኋት ያን ቀን ነው። መኪና ውስጥ ቀበቶዋን ራሷ አሰረች። «ባይ፣ አክስቴ» አለችኝ፤ «አክስቴ»ን በአማርኛ። የት ነው የምንሄደው ብላ እናቷን አልጠየቀችም። እንደማይነገራት ለምዳዋለች። አሁን ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ቁመቷ ምን ያህል እንደሆነ፣ በሕልሟ ድምፅህን ሰምታ እንደምትባንን ወይም እንደተወችው አላውቅም።

ዮዲ ታውቃለች። ጠረጴዛዋ ከእኔ ፊት ለፊት ነው። አንዳንድ ጠዋት ስልክ ይደወልላትና ተነሥታ ወደ ውጭ ትወጣለች፤ ስትመለስ ዓይኔን አታይም። እነሱ እንደሆኑ ይገባኛል። ወንበሬን ወደ መስኮቱ አዞራለሁ። አንድ ቀን እንኳ ጠይቄያት አላውቅም።

እህትህ ጸዳለ